ጥናቱን ይስጠን

የኔሰው የቢቸና ልጅ ነው፤ ሞጣ በቱሪዝም ባለሙያነት ይሠራል። ሐሳቡ ሁሉ ጮቄ ተራራ ላይ ባለችው ትንሽ መዝናኛ ነበር። ክረምት በረዶ ሲጥል ቁልቁለቱ ነጭ ይለብሳል፤ ከከተማ የመጡ ጎብኚዎችም ጆንያ ላይ ተቀምጠው እየተንሸራተቱ ይሣሣቃሉ። መዝናኛው ይስፋፋ፣ ደኅና መንሸራተቻም ይሠራለት ብሎ ደጅ የጠናው እሱው ራሱ ነው። በመጨረሻም መንግሥት በጀት ፈቀደ፤ ለግንባታው ሳይሆን ለጥናቱ። የኔሰው ግን አንዱ ከመጣ ሌላው መቼ ይቀራል ብሎ ደስ አለው።

ቀያሾች መጥተው ዳገቱ ላይ ችካል ተከሉ። መንሸራተቻው የሚያልፈው ገብስና ድንች እያመረቱ፣ አንዲት ላም ይዘው ብቻቸውን በሚኖሩት በእማማ ፈንታነሽ ግቢ ላይ ነበር። የኔሰው ነዋሪውን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰብስቦ፣ ገና ጥናት ስለሆነ የሚነሣ ሰው እንደሌለ፣ ቢነሣም ካሣ እንደሚያገኝ አስረዳ። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ።

«ለእናንተ የጥናቱን ሰጣችሁ፤ ለእኛም ጥናቱን ይስጠን» አሉ።

ሰዉ ሣቀ። የኔሰውም አብሮ ሣቀ። ለሐዘንተኛ የሚባል ቃል መሆኑ ትዝ ያለው ወደ ሞጣ ሲመለስ መኪና ውስጥ ነው።

ጥናቱ አለቀ። ባለ ቀለም ሥዕሎቹ በአዳራሽ ታይተው ተጨበጨበላቸው። የግንባታው በጀት ግን የውኃ ሽታ ሆነ። በዕቅድ በተያዘ መሬት ላይ መሥራትም ማደስም ክልክል ነው የሚለው ትእዛዝ ብቻ ወርዶ ጸና። የእማማ ፈንታነሽ የሣር ክዳን ያን ጊዜ አርጅቶ ያፈስ ነበር። ቢቸና ያለችው ልጃቸው ውቢት ቆርቆሮ ገዝታ ብትልክላቸው የቀበሌ ሰዎች እንዳይመታ ከለከሉ። ቆርቆሮው አጥር ሥር ተደግፎ ቀረ።

አንድ ቀን እማማ ፈንታነሽ ሞጣ ድረስ ወርደው የኔሰው ቢሮ ገቡ።

«ልጄ፣ የምታፈርሱት ከሆነ አፍርሱትና ካሣዬን ስጡኝ። የማታፈርሱት ከሆነ ቆርቆሮዬን ልምታበት። ሁለቱም እንቢ ካላችሁ የት ልግባ?»

«እማማ፣ የከለከልሁዎ እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው? ንገረኝና እሱ ዘንድ ልሂድ።»

የኔሰው ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። ጉዳዩን ይዞ ኃላፊው ዘንድ ገባ፤ ኃላፊው የበላይ አካል ነው አለው። የበላይ አካል ዘንድ ደወለ፤ ዕቅዱ የሚለወጠው በሌላ ጥናት ነው፣ ለሌላ ጥናት ደግሞ ሌላ በጀት ያስፈልጋል ተባለ። ግድ የለም፣ በእኔ ይሁን፣ ይምቱት ሊላቸው ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በሱ ቃል ሠርተው ቢፈርስባቸው ቆርቆሮውንም ያጡታል። ትንሽ ይታገሡ ብሎ ሸኛቸው። ሌላ ምን ይበል?

ሐምሌ ላይ ብርቱ በረዶ ወረደ። የራሰው ክዳን የበረዶው ክብደት ሲጨመርበት ላሚቱ በምታድርበት በኩል ተደረመሰ። ጎረቤት ደርሶ እማማ ፈንታነሽን በሕይወት አወጣቸው፤ ላሚቱ ግን ሞተች። ውቢት መጥታ ወደ ቢቸና ይዛቸው ሄደች።

የኔሰው ለመስቀል ቤተሰቦቹን ሊጠይቅ ቢቸና ሲሄድ ውቢት ቤት ጎራ አለ። እማማ ፈንታነሽ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው መንገደኛ ያያሉ። ይቅርታ ሊጠይቅ አስቦ ነበር፤ በየትኛው ጥፋቱ እንደሚጀምር ግን አላወቀም። እሳቸውም አልወቀሱትም። ገብሱን ማን እንደሚያጭደው ጠየቁት፤ ጎረቤት ያጭደዋል አላቸው።

«ችካሉ አለ?»

«አለ፣ እማማ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። የኔሰው ተቀመጠ። ውቢት ምሳ ቀርቧል እስክትል ድረስ መንገደኛውን አብረው አዩ።