ለሁለት የተከፈለው መድኃኒት

ልብስ ሰፊዋ የእጇ አንጓ የተሰበረው መጋረጃ ልትሰቅል ወንበር ላይ ወጥታ ስትወድቅ ነው። ጄሶው ሲፈታላት ሐኪሟ አጥንቷ መሳሳቱን ነግራት ሁለት ዓይነት ክኒን አዘዘችላት፤ ትልቁ ነጭ ካልሲየም፣ ትንሹ ቢጫ ቫይታሚን ዲ።

«ሁለቱንም በየቀኑ ከምግብ ጋር ይውሰዱ» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ግን ያገኘችውን ሁሉ ለታናሽ እህቷ ካላካፈለች እህል አይወርድላትም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ታናሺቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ደረጃ በወጣች ቁጥር ጉልበቷን ይዛ «ወይኔ!» ማለት ከጀመረች ሰንብታለች።

«ነጩ ለኔ፣ ቢጫው ላንቺ» አለች ትልቂቱ ምሳ ላይ።

«እትዬ፣ የታዘዘው እኮ ላንቺ ነው!»

«አንቺ አጥንት የለሽም? ዋጪ ባክሽ!»

ታናሺቱ እትዬን ተከራክራ ረትታ አታውቅም። ዋጠች።

በዓመቱ ልብስ ሰፊዋ ለአጥንት ምርመራ ተመለሰች። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ግንባሯን ቋጠረች።

«መድኃኒቱን አላቋረጡም አይደል?»

«አንድም ቀን!»

«ሁለቱንም?»

ልብስ ሰፊዋ የቦርሳዋን ማንገቻ አሻሸች። «ቢጫውን እህቴ ናት የምትወስደው።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «ካልሲየሙን አንጀትዎ በደንብ እንዲቀበለው የሚያግዘው እኮ ቢጫው ነው። ያለ እሱ ብዙው ሳይጠቅምዎት ያልፋል። እህትዎም ሳይመረመሩ የሰው መድኃኒት አይዋጡ፤ ይዘዋቸው ይምጡ።»

ቤት ስትደርስ ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም ሄዳ ሄዳ ተናገረችው። ታናሺቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ዓመት ሙሉ? በኔ ጉልበት የተነሳ ሌላው እጅሽ ቢሰበርስ?» እንባዋ ቀደማት። «መስጠት ብቻ ነው የምታውቂው!»

«ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነው» አለች ትልቂቱ።

ታናሺቱ ስትመረመር ቫይታሚን እንደማያንሳት ታወቀ፤ ለጉልበቷ የታዘዘላት እንቅስቃሴ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ክኒን ከእህቷ ሳህን አጠገብ ታስቀምጥና ፊት ለፊቷ ትቀመጣለች።

«ዋጥሽ? እስቲ አፍሽን ክፈቺ።»

«ምነው፣ ልጅ አደረግሽኝ እኮ!» ትላለች ትልቂቱ፤ ግን ትከፍታለች።

በሚቀጥለው ዓመት ሐኪሟ ውጤቱን ወደ እሷ አዙራ አሳየቻት። «ጥቂት ነው፤ ግን የአጥንትዎ ጥንካሬ ጨምሯል።»

ልብስ ሰፊዋ ከክሊኒኩ ሳትወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደወለች። ታናሺቱ ቢሮዋ ውስጥ እልል ስትል ርእሰ መምህሩ ምን መጣ ብለው ከክፍላቸው ብቅ አሉ።

«የእትዬ አጥንት ነው!» አለቻቸው።