የባሕር ማዶዋ እህት

ሹር የተባለው ኖርዌያዊ ሽማግሌ ጀልባውን ከመርከብ አስወርዶ ሼትላንድ ደሴት ዳርቻ ላይ ሲያሳርፍ፣ ላውሪ ከንፈሩን ሸርመም አደረገ። ላውሪ በደሴቲቱ ደቡብ ጫፍ ጀልባ ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው፤ ሙያውን ያወረሰው ለእህቱ ልጅ ለኦስላ ነው።

«ምነው ወዳጄ፣ ይሄ ጀልባ ነው ወይስ የከብት ገንዳ?» አለ።

«የእናንተዋስ ምን ሆና ነው እንዲህ የከሳችው? እህል አትቀምስም?» ብሎ መለሰለት ሹር፣ ዳር የቆመችውን የላውሪን ጀልባ በአገጩ እያመለከተ።

ኦስላ ሳቋ አመለጣት። ሁለቱን ጀልባዎች ጎን ለጎን ስታያቸው ግን መመሳሰላቸው ገረማት። ሁለቱም ፊትና ኋላቸው ሹል ነው፤ ሰፋፊና ስስ ሳንቃዎቻቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበዋል።

«ድሮ እኮ የላክንላችሁ እኛው ነን» አለ ሹር። «አባቶቻችን ሠርተው ይፈቷትና ሳንቃውን አስረው በመርከብ ይሰዳሉ። አባቶቻችሁ እዚህ መልሰው ይገጥሟታል።»

«ሰዳችኋል፤ ማን ካደ?» አለ ላውሪ። «ኋላ ከውጭ በሚመጣ ጀልባ ላይ ቀረጡ ሲከብድ ግን ራሳችን መሥራት ጀመርን። የእናንተ ባሕር በተራራ የታጠረ ነው። የእኛው ሞገድ ሰው ይበላል፤ ስለዚህ አስረዘምናት፣ ዝቅም አደረግናት። ጎረቤቶቻችን የፌር አይል ደሴት ሰዎች ደግሞ ከዚህም አቀጠኗት። ባሕሩ ሁሉ ጀልባውን በልኩ ሰፋ።»

«እንግዲያው ወጥተን እንያቸዋ!» አለ ሹር።

ኦስላ ከሹር ጋር ተሳፈረች፤ ላውሪ ከጎረቤቱ ጋር በራሱ ጀልባ ተከተለ። ሁለት ባሕር የሚጋጭበት የምድር ጫፍ ሲደርሱ ነፋሱ ድንገት ዞረ። የሸራው ገመድ ከሹር እጅ አፈትልኮ ሲመዘዝ ሽማግሌውን አሽቀንጥሮ ትከሻውን ከጎኑ ሳንቃ ጋር አላተመው።

«መሪውን ያዢ ልጄ!»

«እኔ እኮ ይቺን ነድቼ አላውቅም አባባ!»

«ያዢ አልኩሽ!»

ያዘች። ማዕበሉ የቤት ጣሪያ አክሎ መጣ። እጇ ሳታዘው መሪውን ሳብ አደረገ፤ ጀልባዋም ትከሻዋን ሰጥታ ወጣች። ከእግሯ ሥር ሳንቃዎቹ ከማዕበሉ ጋር ለመጥ ቀና ሲሉ ተሰማት፤ በአጎቷ ጀልባ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ያው አተነፋፈስ ነው። ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ስማቸው የተረሳ፣ አጥንታቸው አፈር የሆነ ሰዎች ለእጇ የሚነግሩት መሰላት። ዞር ስትል የላውሪ ጀልባ ከአጠገቧ ናት፤ አንድ ማዕበል ሁለቱን እኩል ያነሣል፣ እኩል ያወርዳል። ፍርሃቷ የት እንደገባ አላወቀችም።

ወደብ ሲገቡ ሹር እያቃሰተም ይስቃል። ላውሪ ግን አልሳቀም። ቆቡን አውልቆ ከኖርዌይዋ ጀልባ ጎን ተንበረከከና ሳንቃ ከሳንቃ የሚገናኝበትን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፉ ዳሰሰ።

«የአያቴ እጅ ነው» አለ።

«የእኔም አያት እጅ ነው» አለ ሹር።

ትከሻው እስኪድን እነሱ ዘንድ ሰነበተ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዓሣና ድንች እየበሉ በየማዕዱ ስለ ሳንቃ ይጨቃጨቁ ነበር። ብርዱ ሲገባ ኦስላ አዲስ ጀልባ ጀመረች፤ ርዝመቷን ከአጎቷ፣ የወገቧን ስፋት ከሹር ወሰደች። ብርዱ አልፎ ውሃ ላይ ስታወርዳት ላውሪ ዳር ቆሞ ጀልባዋን ብዙ አያት።

«እስቲ ገለል በይልኝ» አለና፣ የሳንቃዎቿን መስመር በመዳፉ ዳስሶ፣ ገብቶ መሪውን ያዘ።