ግራጫው ካልሲ

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጉባኤው ተልከው ወደ መሐሎንና ኬጡራ ቤት መጡ። ኢዮቤድ ሆዝሊ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። አሮጊቷ ታምዘንም ከጎኑ ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉም ዝም አሉ። ሌላው ሰው ኩዌከር ይላቸዋል፤ እነርሱ ራሳቸውን የሚጠሩት ወዳጆች ብለው ነው። ወዳጆች ነገር የሚጀምሩት በዝምታ ነው።

ኬጡራ ልጇን ኢዩኤልን አየችው። ከጦርነቱ የተመለሰው በአንድ እግሩ ነው።

ቤቱ የታወቀ ቤት ነው። ባሪያ የለቀመው ጥጥ አይለበስበትም፤ ባሪያ የደከመበት ስኳር አይቀመስበትም። ኢዩኤል ይህን እየሰማ አደገና ባሮቹን ነፃ አወጣለሁ ብሎ ጠመንጃ አነሳ። ወዳጆች ግን ጦርነትን ኃጢአት ይሉታል፤ ጠመንጃ ያነሳም፣ እርሱን የረዳም ተጸጽቻለሁ ብሎ ካልጻፈ ከወዳጆች ይሰረዛል።

ኢዮቤድ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አንድ መስመር ናት። አዝኛለሁ በል፣ ይበቃናል።»

«ስለ እግሬ አዝኛለሁ።»

«በእግርህ አትቀልድ!»

«ታዲያ በማን እግር ልቀልድ? ያንተን አታበድረኝም።»

እነርሱ ዘንድ አንቱ የሚባል ሰው የለም፤ ዳኛውም ሽማግሌውም አንተ ነው። ታምዘን ፈገግታዋን በሻርፗ ሸፈነች።

ኢዩኤል ወረቀቱን ገፋው። «ያልተጸጸትኩትን ተጸጽቻለሁ ብል ውሸት ነው። አትዋሽ ያላችሁኝ እናንተው ናችሁ።»

ኢዮቤድ ወደ አባትየው ዞረ። «መሐሎን፣ ሲሄድ ከዚህ ቤት የረዳው የለም ብለህ ጉባኤው ፊት መስክረሃል።»

«መስክሬአለሁ። የኬጡራም ማስታወሻ የሚለው ይህንኑ ነው።»

የቤተሰቡ የዕለት ማስታወሻዎች መደርደሪያው ላይ ናቸው። በዚህ ቤት ሁሉም ማታ ማታ ይጽፋል፤ አንዱ የሌላውን አንስቶ ቢያነብ ነውር የለውም። ኬጡራ ያን ቀን የጻፈችው «ነፋስ ከሰሜን። ፖም ለቀምን። ኢዩኤል ሄደ» ብላ ነው። ውሸት የለበትም። ግን ልጁ ሊሄድ ሲሰናዳ ካልሲ ሠርታለታለች፤ ወፍራም፣ ግራጫ፣ ለረጅም መንገድ የሚሆን። ከጎተራው ጀርባ ነው ያስጨበጠችው።

ብትናገር ከተወለደችበት ጉባኤ ትሰረዛለች። መሐሎንም በዕድሜው ዋሽቶ የማያውቅ ሰው፣ የሐሰት ምስክር ይሆናል። ዝም ብትል ልጇ ብቻውን ይሰረዛል።

የታምዘን ዓይን የኢዩኤል እግር ላይ ወደቀ። ያደረገው ያንኑ ግራጫ ካልሲ ነው፤ ተረከዙ በድርብ ክር የተሠራ። በጉባኤው ተረከዝ እንዲህ የምትሠራ ኬጡራ ብቻ ናት፤ ሴቶቹ ሁሉ ያውቁታል። ታምዘን ኬጡራን አየቻት፤ ከዚያም ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«ሊዘንብ ነው» አለች።

ኢዩኤልም አይቷታል። ያችን አንድ እግሩን ቀስ ብሎ ወንበሩ ሥር ሳባት።

ኬጡራ ይህን አልቻለችም።

«ካልሲውን እኔ ነኝ የሠራሁለት» አለች። «የት እንደሚሄድ አውቄ። የእኔንም ስም ጻፍ፣ ኢዮቤድ።»

ኢዮቤድ ወረቀቱን ወደ እርሷ አዞረ። «ተጸጽተሻል?»

«በካልሲው አልተጸጸትኩም። ባለመጻፌ ነው የተጸጸትኩት።»

መሐሎን ተነሣ። የራሱን ማስታወሻ አወረደ፤ ገጹን ፈልጎ አገኘው። «ማንም አልረዳውም» የምትለውን መስመር በብዕር ሰረዛት፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ቆሞ ጠበቀ።

«አንቺን አምኜ ነው የጻፍኩት» አለ። ሲናገር አላያትም።

ሽማግሌዎቹ በዝናብ ወጡ። በሩ ላይ ታምዘን የኬጡራን እጅ ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችው።

«እማዬ፣ ዝም ብትይ ምን ነበረበት?» አለ ኢዩኤል።

«ዝም ማለቱንማ ሞከርኩት፣ ልጄ። አንተ ከሄድክ ጀምሮ።»

መሐሎን ብዕሩን አጥቦ ቦታው መለሰ። እራት ቀረበ። እንደ ልማዳቸው ከመብላታቸው በፊት አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ፤ በዚያን ዕለቱ ዝምታ ግን ምግቡ እስኪበርድ ቀና የሚል ጠፋ።