ስድስት የግራ እግር ጫማ

እማማ ሰባት ቁልፍ የሚሏቸው በከንቱ አይደለም። የመጋዘኑ ቁልፍ፣ የቆዳው ክፍል ቁልፍ፣ የማህተሙ ሳጥን ቁልፍ፣ ሁሉም አንገታቸው ላይ ነው፤ ሲራመዱ እንደ በቅሎ ቃጭል ይንሿሿል። የጫማ መሥሪያውን ያወረሷቸው ባላቸው ናቸው። እዚያ የሚሠሩት ሴት ልጃቸው፣ የልጃቸው ባልና ሁለት የወንድም ልጆች ናቸው፤ ባዳ አይገባም። ጫማቸውን ይረከብ የነበረው ትልቁ ሱቅ ከተዘጋ ወዲህ ግን ገዢ ጠፋ። ከውጭ አገር ካልተገኘ መሥሪያው መዘጋቱ ነው።

ገዢ አገኘሁ ያለው አማቻቸው ነው። "ሰላምታ" ይሉታል፤ ሰው ሳይጨብጥ መንገድ አያልፍማ። ባዛር ላይ የተዋወቀው አንድ ሰው፣ ማዶ አገር ጫማ ቤት ያለው ሰው ያውቃል አሉ። የስድስት ዓይነት ጫማ ናሙና ላኩ ተብሏል።

"ገዢው የማን ልጅ ነው?" አሉ እማማ።

"ጓደኛዬ ያውቀዋል።"

"ጓደኛህንስ ማን ያውቀዋል?"

"እኔ ነኛ።"

"እሱ ነው እኮ የጨነቀኝ።"

ልጃቸው ሳቋን በመዳፏ አፈነች። እማማ ግን አማቻቸው ናሙናውን ያሸገበትን ካርቶን በጎን ያዩ ጀመር። የሰው ሆዱ፣ የወፍ ወንዱ አይታወቅ። ይሄ ጨባጭ ሞዴላችንን ይዞ ማዶ የራሱን ሱቅ ቢከፍትስ? ሌላው ለምሳ ሲወጣ ካርቶኑን ፈቱና ቀኝ ቀኙን እግር አውጥተው ቆለፉበት። ግራ ግራውን መልሰው አሸጉ። በአንድ እግር የሚነግድ ሌባ ካለ እስቲ ይምጣ።

ሦስት ሳምንት ድምፅ ጠፋ። ሰላምታ ስልኩን ሲያይ ይውላል፤ እማማ እሱን ሲያዩ ይውላሉ። በኋላ ደብዳቤ መጣና ልጃቸው አነበበችው። ሥራው ተወዷል፣ አራት መቶ ጥንድ ይፈለጋል፣ በመሥሪያው ስም የሚፈርም ሰው ይምጣ ይላል።

እማማ አማቻቸውን ለብቻው ጠሩት።

"ስለ ሌላው እግር ምንም አላለም?"

"ምን ይላል? ድሮም የጠየቀው ከየጥንዱ አንድ አንድ እግር ነው። ጥንድ ከሆነ ጉምሩክ ሸቀጥ ነው ብሎ ያስከፍላል።"

"ታዲያ ለምን ጥንድ ጥንዱን አሸግክ?"

"አንዱን ብቻ ባሽግ፣ ሌላውን የት ወሰደው ይሉኝ ነበራ። ጥንዱን ካዩ ግን አንድ አንዱን እንደሚያስቀሩ አውቃለሁ።"

እማማ አንገታቸው ላይ ያሉትን ቁልፎች ጨበጥ አደረጉ። የእኔን ሆድ እንዲህ ያነበበ የዚያን ገዢ ሆድ አያጣውም አሉ በልባቸው። ደግሞም ፈሩት።

"ሂድና ፈርም፤ ልጄም አብራህ ትሂድ።"

"ልትጠብቀኝ ነው?"

"አንተም ጠብቃት። የእኔ ልጅ አይደለች? እሷንም አላምናትም።"