ዳገት ላይ የሚሞቅ መኪና

የፀጉር አስተካካዩ አማት «ከእንግዲህ አልሄድም» ያሉት ማክሰኞ ዕለት፣ ከኩላሊት እጥበት እንደተመለሱ ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው ሶፋው ላይ ኩርምት ብለዋል፤ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

ፀጉር አስተካካዩ ክው አለ። በሳምንት ሦስት ቀን ሱቁን ዘግቶ ሲያመላልሳቸው ስድስት ወር ሆኖታል። ሐኪሟ አንድ ቀን እንኳ መዝለል ለሕይወታቸው ያሰጋል ብላ አስጠንቅቃለች። ሚስቱም ለሥራ ራቅ ወዳለ ከተማ ስትሄድ «እናቴን አደራ» ያለችው እሱን ነው።

«ምን አጠፋሁ እማማ?»

«አንተማ ምን ታጠፋለህ? ከማሽኑ ስነሳ ሰውነቴ በረዶ ነው። በዚያ ላይ መኪናህ አርባ ደቂቃ ሙሉ ብርድ ይነፋብኛል። ከሞትኩም ቤቴ ሞቆኝ ልሙት።»

እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው ማልቀስ ወይም መለመን ነበረበት። እሱ ግን ለመኪናው ጥብቅና ቆመ፤ ምን ይደረግ፣ አንዳንድ ወንድ ከሚስቱ ይልቅ መኪናው ሲነካበት ያመዋል።

«ማሞቂያውን እኮ አሠራሁት! ማራገቢያውን በአዲስ አስቀየርኩ!»

እውነቱን ነው፣ አስቀይሯል። ድሮ ቀስ ብሎ ይነፍስ የነበረው ብርድ አሁን በኃይል ይነፍሳል።

«ጎሽ፣» አሉ አማቱ። «ብርዱን አጎለበትከው።»

እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ ዓመት በክር ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። እዚያ ማሽን ሲታመም «ተበላሸ» ብሎ ማለፍ የለም፤ መቼ፣ ምን ሲሠራ እንደተበላሸ መናገር ግዴታ ነው። ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ ጣት አወጡ።

«ስማ። ዳገቱን ስትወጣ ይሞቃል። መብራት ይዞህ ስትቆም ይበርዳል። ስትነሳ ደግሞ ለብ ይላል። ሦስት ሳምንት እጄን አየር መውጫው ላይ አድርጌ አይቼዋለሁ።»

«ሦስት ሳምንት! ምነው ታዲያ ዝም አሉኝ?»

«ደንበኞችህን ጥለህ ነው የምትወስደኝ። በዚያ ላይ ደግሞ በረደኝ እያልኩ ላስቸግርህ?»

አንጀቱን በሉት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እሱ መሪውን ይዞ ስለ ኳስና ስለ ደንበኞቹ ሐሜት ሲለፈልፍ፣ እኚህ ሴትዮ አጠገቡ እየተንቀጠቀጡ የመኪናውን በሽታ ያጠኑ ነበር።

በማግስቱ ማልዶ መካኒኩ ዘንድ ሄደና አማቱ ያሉትን ቃል በቃል ነገረው። መካኒኩ እጁን የሚጠርግበትን ጨርቅ አስቀመጠ።

«ውሃ አንሶታል።»

«አላነሰውም! በየሳምንቱ አያለሁ፤ ይኸው ጠርሙሱ ሙሉ ነው» አለ፣ ከራዲያተሩ ጎን ያለውን ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ እያሳየ።

መካኒኩ ትኩስ ራዲያተር አልከፍትም ብሎ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት አስጠበቀው። ለፀጉር አስተካካዩ አንድ ዓመት ነበር። በመጨረሻ ክዳኑ ተከፈተ፤ መካኒኩ ጣቱን ወደ ውስጥ ቢሰድ ደረቅ ሆኖ ወጣ።

«አየህ፣ ክዳኑ ላይ ያለው ጎማ ደርቋል። ሞተሩ ሲግል ወደ ጠርሙሱ የወጣው ውሃ፣ ሲቀዘቅዝ መመለስ አልቻለም። አንተ ጠርሙሱን እያየህ ትደሰታለህ፣ ራዲያተሩ ይጠማል። ማሞቂያው የሚሞቀው በሞተሩ ሙቅ ውሃ ነው፤ የቀረችው ውሃ ደግሞ እሱ ጋ የምትደርሰው ሞተሩ ሲበረታ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ዳገት ላይ የሚሞቀው።»

ክዳኑን ቀየረ፤ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገቱ አቁሞ፣ ውስጡ የታፈነው አየር ቡልቅ ቡልቅ እያለ እስኪወጣ ውሃ ሞላው። ከዚያ ቀና አለ።

«ትንሽ ቢቆይ ሞተሩ ይነድልህ ነበር። ያውም መንገድ ላይ፣ ታማሚ ጭነህ። ይህን ያስተዋሉት ሰው ማን ናቸው?»

«አማቴ።»

«ሳምልኝ።»

ቤት ሲደርስ ግንባራቸውን ሳመና የመካኒኩ ነው አላቸው። ቀጥሎ ደግሞ ሳመና ይሄኛው የራሴ ነው፣ አመሰግናለሁ እማማ፣ እኔንም መኪናዬንም አተረፉን አላቸው። «ፂምህ ይወጋል፤ ለሰው እየላጨህ ለራስህ ሰነፍክ?» አሉት። ሐሙስ ለሚቀጥለው እጥበት ይሄዱ እንደሆነ ግን አልነገሩትም።

ሐሙስ ጠዋት መኪናውን አስነስቶ አሙቆ በሩን ከፈተላቸው።

«እስከ መስቀለኛው መንገድ ብቻ እንሂድ። ከበረደዎት እመልስዎታለሁ፣ ሁለተኛም አልጨቀጭቅዎትም።»

ትንሽ አሰቡና ገቡ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ቀይ መብራት ያዛቸው። መኪናው ቆመ። አማቱ እጃቸውን አየር መውጫው ላይ አደረጉ፤ እሱ ዓይኑን መብራቱ ላይ ተከለ። መብራቱ ደግሞ ያን ዕለት ረዘመ። እጃቸው አልተንቀሳቀሰም። ፊታቸውን ለማየት ደፍሮ አልዞረም፤ በርዷቸው እንዳያገኛቸው ፈራ። በርዷቸው ይሆናል ብሎ፣ ቃል ቃል ነውና፣ ቤት ለመመለስ ፍሬቻውን አበራ።

«ወዴት ነው?» አሉ አማቱ።

«እስከዚህ ብቻ ብዬዎት አልነበር...»

«ነርሷ ትጠብቀኛለች። ቀጥ ብለህ ንዳ።»

ፍሬቻውን አጠፋና ቀጥ ብሎ ነዳ።