ያልተነካው መደብ

ያለምወርቅ በስደት ከምትኖርበት ከቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ወደ እርሻው በአውቶቡስ ስትመጣ ሐሳቧ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ነበር፤ ዛሬ ባለሱቁ ጋሽ ሳህሉ ጎመኗን ሊያዩ ይመጣሉ። ከወደዱት በየሳምንቱ ይረከቧታል፤ የአትክልት ሥልጠናውም እንጀራ ይወጣዋል።

በሥልጠናው እርሻ ላይ ሁለት መደብ ጎመን አላት። አንደኛው ቢራቢሮ እንቁላል እንዳትጥልበት ከተተከለ ጀምሮ ስስ ነጭ መረብ ለብሷል። ሁለተኛው ለማነጻጸሪያ የተተወ ነው፤ አይሸፈንም፣ አይረጭም፣ ትሉም አይለቀምም። ዳሩ ላይ «አትንኩ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ምልክት የጻፈችው ራሷ ናት፤ በጎልማሶች ትምህርት ፊደሉን ከለየች ገና ዓመቷ ነው።

ጠዋት ደርሳ የዚህን መደብ ወንፊት የመሰለ ቅጠል ስታይ ግን እጇ አላስቻላትም። እንግዳ እየመጣ ያልተጠረገ ቤት ማን ያሳያል? ጎንበስ ብላ ትሉን ትለቅም ጀመር። የዳሩን ጎመን አጽድታ ወደ ቀጣዩ ስትሻገር አሠልጣኟ ብርቅዬ ከኋላዋ መጣች።

«እትዬ ያለምወርቅ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ላፍር ነው እኮ ልጄ። ሰነፍ ናት ይሉኛል።»

«እንዲበላ እኮ ነው የተውነው። ይሄን ካጸዱት መረቡ መሥራቱን በምን እናውቃለን?»

ያለምወርቅ እጇን ሰበሰበች። ጥቂት አሰበችና ከቦርሳዋ ቀይ ክር አውጥታ የነካቻቸው ጎመኖች ላይ አሰረችባቸው።

«እነዚህ አይቆጠሩ። ሌላው እንዳለ ነው።»

ብርቅዬ ሳቀች። «አሁን ተመራማሪ ሆኑ።»

ጋሽ ሳህሉ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ዓይናቸው ቀድሞ ያረፈው እዚያው የተበላው ላይ ነው።

«ይሄን ደግሞ ማን ነው ለትል የዳረው?»

ያለምወርቅ ወደ መደቡ ቀረብ አለች።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ዘር ነው የተከልኳቸው። ይሄ መረብ ያልለበሰው ነው፤ አሁን የለበሰውን ይዩልኝ።»

መረቡን ገለጠችው። ሽማግሌው አንድ ቅጠል ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ሌላም ገለበጡ።

«መድኃኒት አልነካውም?»

«መረብ ብቻ።»

የተበላውን መደብ ዞረው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያንን ባላይ፣ መድኃኒት አርከፍክፈሽበታል ብዬ እሟገትሽ ነበር። በይ ሐሙስ ሐሙስ አምጪልኝ።» ከዚያ በከዘራቸው ወደ ቀዩ ክር ጠቆሙ። «እነዚህስ? ሙሽሮቹ ናቸው?»

«እነሱን እኔ ነክቻቸዋለሁ» አለች ያለምወርቅ፣ መረቡን መልሳ እየሸፈነች። «እነሱ ምስክር አይሆኑም።»