ሁለት ጣት በግራ በኩል

"ምንድን ነው ይሄ? በግራ በኩል ሌላ ሰው ይዤ ልዙር?"

መምህሩ ኮቱን እንደለበሰ መስታወቱ ፊት ዞረ። ቀኝ ጎኑ ልክክ ብሏል፤ ግራው ግን ከብብቱ በታች ተነፍቶ ተንጠልጥሏል። ነገ ጠዋት መድረክ ላይ ወጥቶ የሚሸለምበት ኮት ነው። የልብስ ስፌት ሱቁ ባለቤት ይቅርታ እየጠየቀ አስወለቀውና ይዞት ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። በዚህ ወር ልኩ ተበላሽቶ የተመለሰ አራተኛ ልብስ ነበር።

ምድር ቤቱ ውስጥ ታላቅ እህቱ ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቅ የቆረጠችበት ጠረጴዛ አለ። ደንበኞች "እትዬ ሜትር" ይሏታል። ሰው ከበር ሳይገባ በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች ይባልላታል። ይባልላት ነበር ማለት ይሻላል።

"እታለም፣" አለ ኮቱን እያስቀመጠ፣ "ሰኞ ሌላ ቆራጭ ይመጣል። አንቺ ትንሽ እረፊ።"

"እረፊ ማለት ሂጂ ማለት ነው?"

"ኧረ እንደሱ አላልኩም! ስለታመምሽ ነው፤ ዓይንሽም ደክሟል።"

መታመሟስ እውነት ነው። ከስምንት ወር በፊት አልማዝ ባለጭራ የሚሉት የቆዳ በሽታ ግራ ጎኗን ከጀርባ እስከ ደረቷ አቃጠላት። ቁስሉ በወሩ ደረቀ፤ ሕመሙ ግን ቤቴ ብሎ ቀረ። ጨርቅ ሲነካት እሳት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስትዳስስ ለኖረች ሴት ከዚህ የባሰ ቀልድ የለም። የሚታይ ነገር ስለሌለ ደግሞ ሰው ሁሉ ያጋነነች ይመስለዋል። ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ የደም ምርመራዋን አይታ፣ "የቫይታሚን ዲ መጠንሽ በጣም ወርዷል። ለመሆኑ ፀሐይ የት ታገኛለሽ?" አለቻት። "ፀሐይ? እኔ በመስኮት የሚያልፍ ጫማ ነው የማየው!" ብላ ሐኪሟን አሳቀቻት። ሐኪሟ ግን ስቃ አልተወቻትም፤ የነርቭ መድኃኒትና በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ቫይታሚን አዘዘችላት። "ቫይታሚኑ ለአጥንትና ለጡንቻሽ ነው። ነርቩ ጊዜ ይፈልጋል። ብቻ ከዚያ ጉድጓድ ውጪልኝ" አለቻት።

አሁን መድኃኒቱም ሐኪሟም ከሐሳቧ ጠፉ። ጠረጴዛው ከተወሰደባት ምን ሆና ልትኖር ነው? ፈራች፤ ከፍርሃቱ ይበልጥ ግን እልህ ያዛት። ኮቱን ዘርግታ ለካችው። ግራው በሁለት ጣት ይበልጣል። ቀደም ብለው የተመለሱትን ሦስቱን ከመደርደሪያው አውርዳ ለካች። ሁሉም በግራ፣ ሁሉም ሁለት ጣት።

"ዓይኔ ቢሆን የደከመው፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እስት ነበር" አለች።

ይህን እያለች እጇን አየችው። ግራ እጇ ማንም ሳያዘው ቀሚሷን ከጎኗ ፈቀቅ አድርጎ ይዟል። በሁለት ጣት።

ሳቋ ደረጃውን ወጥቶ መምህሩ ጋ ደረሰ።

"ምን ሆንሽ?" አለ ወንድሟ ደንግጦ።

"ወሩን ሙሉ ለሰው ሁሉ የራሴን ጎን ስቆርጥለት ኖሬያለሁ! እንዳያማቸው ብዬ አሰፋሁላቸው! ዓይኔ ደህና ነው ወንድሜ፣ ጎኔ ነው ሲቆርጥ የከረመው!"

ስፌቱን ተረተረች፣ በጠመኔ አሰመረች። መቀሱን ከማንሳቷ በፊት ልኬቱን ጮክ ብላ ተናገረች፤ ከዛሬ ጀምሮ ለጎኗ አታምነውም። ሰፍታ፣ ተኩሳ፣ ራሷ ይዛው ወጣች። መምህሩ ለበሰው፤ እጁን አነሳ፣ ዞረ፣ ጎንበስ አለ።

"እትዬ ሜትር፣ ይሄ እኮ ኮት አይደለም፣ ቆዳዬ ነው!"

ወንድሟ ስልኩን አውጥቶ ለአዲሱ ቆራጭ ደወለ። "ሰኞ አትምጣ። ቦታው ሰው አለው" አለና ወደ እሷ ዞሮ፣ "አጥፍቻለሁ፣ እታለም" አላት። ጎኗ አሁንም ያቃጥላታል። ደስታዋ ግን ሌላ ነበር፤ እንዲህ ቀጥ ብላ ከቆመች ወራት አልፈዋል።

ከበሩ ውጪ፣ በረንዳው ላይ ሙሉ ልብስ የለበሰው ማሳያ አሻንጉሊት የጠዋት ፀሐይ ይሞቃል። ትንሽ አየችው።

"ጠረጴዛዬን እዚያ አውጣልኝ። ጠዋት ጠዋት ውጪ ነው የምቆርጠው።"

"እሱስ የት ይቁም? ደንበኛ የሚያየው እኮ እሱን ነው።"

"ምድር ቤት ይቁም። እሱ ቫይታሚን አያስፈልገውም" አለችና አሻንጉሊቱን በቀኝ ብብቷ ሸጉጣ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።